ከመስታወቱ ውስጥ ስለ ጠፋው የበቅሎዋ ገጽ

ጂንካ፣ ኅዳር 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ወንድይፍራው ንጉሤ
የአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ "ለጥገና" ተብሎ የተነሣ አንድ ወረቀት እንዲመለስ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጎላ፣ ዕድሜዎም እንደ ኮሚቴዎ ስብሰባ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪና የአቶ ሻንቆ የልጅ ልጅ የሆንኩት ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለመለጠፍ የበቃሁት፣ ቢሮዎ ድረስ አራት ጊዜ መጥቼ አራቴም "ስብሰባ ላይ ናቸው" ስለ ተባልኩ፣ በአራተኛው ግን በመስኮት በኩል ብቻዎን ተቀምጠው ሸንኮራ ሲልጡ ስላየሁዎ ነው። ስብሰባውም በሙሉ ድምፅ እንደ ተስማማ ከፊትዎ ተረድቻለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሰር ኤድመንድ ሃልዊክ የሚባሉ እንግሊዛዊ፣ በወጣትነታቸው በኬንያ ጠረፍ ቆንስል፣ በኋላም በአገራቸው የፓርላማ አባል የነበሩ ሰው ሲሞቱ፣ ልጃቸው ደብዳቤያቸውንና የዕለት ማስታወሻቸውን ሁሉ ለአንድ ቤተ መዛግብት ሰጠች። እዚህ ኦሞ ወንዝ ዳር ጥናት ስታደርግ የነበረች አንዲት እንግሊዛዊት ደግሞ ስለ አገራችን የተጻፉትን ገጾች ፎቶ ኮፒ አስነሥታ "ለጂንካ ሕዝብ" ብላ በስጦታ ላከች። የጂንካ ሕዝብ ማለት እርስዎ ስለ ሆኑ እሽጉን የፈቱት እርስዎ ነዎት።

አሁን ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ አባትዎ አቶ ንጉሤ በ1925 ዓ.ም. የእኒህ ሰው አስተርጓሚ ነበሩና፣ ከገጾቹ በአንዱ ላይ ስማቸውን ሲያዩ በደስታ በቀይ እስክሪብቶ አስምረው፣ በመስታወት አስገብተው፣ ከአዳራሹ መግቢያ ፊት ለፊት ስለ ሰቀሉት አመሰግናለሁ። ከሥሩም "የኢምፔሪያሊዝምን ሤራ ያከሸፉ አባት" ብለው በትልልቁ አስጽፈውበታል። ከአባትዎ ስም በቀር በገጹ ላይ ያለውን ሁሉ ሳያነቡ መስቀልዎ ለእኛ ቤት የተዋለ ውለታ ስለ ሆነ፣ እስከ ልጅ ልጅ አንረሳውም።

2ኛ፦ መስከረም 2 ቀን መግቢያው ለሁሉም ክፍት ስለ ነበረ አያቴን ይዤው መጣሁ። በዚያ በ1925 ዓ.ም. ጉዞ ላይ መንገድ መሪው እርሱ ነበር። አንድ ቀን የፈረንጁ በቅሎ ጠፋች። አያቴ የሚያውቀው ሲጠየቅ በአፍ መፍቻው በአሪኛ "አልወሰድኩም፣ ያለችበትንም አላውቅም" ማለቱን፣ ወዲያው ደግሞ ቀይ አፈር ገበያ መካከል አስተኝተው አርባ መግረፋቸውን ብቻ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሌባ ተብሏል፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉም "ካድኩ እንጂ አላመንኩ፣ ሳይጣራ ምነው ቸኮሉብኝ" ሲል ኖሯል።

እናም መስታወቱ ፊት አቁሜው የሰርን የእንግሊዝኛ ጽሕፈት፣ ዶሮ አመድ ላይ የጫረችው የሚመስለውን፣ ቀስ እያልኩ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። እንዲህ ይላል፦ "መንገድ መሪውን ጠዋት በንጉሤ በኩል ጠየቅኩት። ንጉሤ እንደ ነገረኝ ሰውየው መስረቁን አምኗል፣ ይቅርታም አልጠይቅም ብሏል። እንዲገረፍ ፈቀድኩ። ከሰዓት በኋላ በንጉሤ ጓሮ ሳልፍ በቅሎዬን ታስራ አየኋት፤ የግንባሯን ነጭ በጥላሸት ቀብቶታል። ከእርሱ ሌላ አስተርጓሚ ስለ ሌለኝ ዝም አልኩ። የመንገድ መሪው ነገር ያሳዝናል።"

ሌባውና አስተርጓሚው አንድ ሰው እንደ ነበረ አያቴ በሰባ ስድስት ዓመቱ ገባው። መስታወቱን በመዳፉ ነካ አድርጎ "ለካ ቃሌ ፈረንጁ ጋ አልደረሰችም" አለ።

3ኛ፦ ንባቤን የአዳራሹ ዘበኛ ሳይነግርዎ አልቀረምና፣ በማግስቱ ገጹ ከመስታወቱ ወጥቶ በምትኩ "ለጥገና ተነሥቷል" የሚል ካርቶን ስለ ተተካ እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ቅጠል ወረቀት ከሁለት ወር በላይ የሚጠገን ከሆነ፣ የጂንካን መንገድ ለምን ለኮሚቴዎ አልሰጡትም እላለሁ። ለጠየቀዎ ሁሉ "ያ ገጽ ስለ አየር ጠባይ ነው የሚያወራው" ማለትዎንም ሰምቻለሁ። ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ፤ አባት ያስተረጎመበትን መንበር ልጅ ሲወርስ ማየት ለእኛ ለወጣቶች ትልቅ ትምህርት ነው።

4ኛ፦ ይህኛው እርስዎን ብቻ አይመለከትም፤ የተከበሩ ሽማግሌዎቻችንም ድርሻቸውን ይውሰዱ። ሽማግሌ ተሰብስቦ ሲመርቅ የአያቴ ተራ ሁልጊዜ ይዘለላል፤ የሌባ ምርቃት አይያዝም ተብሎ። የገዛ ልጁ፣ የእኔ አባት፣ ሲዳር ከአጥር ውጭ ቆሞ ነው ያየው። በመጪው ጥር ደግሞ እህቴ ሐና ታገባለች። አያቴ በዚህ ዓለም የቀረው ፍላጎት አንድ ነው፤ እርሷን በሰው ፊት አፉን ሞልቶ መመረቅ። ይህንኑ ብንጠይቅ፣ በአቶ ተገኝ ሰብሳቢነት ሦስት ጊዜ ተቀምጠው፣ ሦስት እንስራ ቦርዴ ጨርሰው፣ "ወረቀቱ ይምጣ" ብለው ወሰኑ። ሃምሳ ዓመት ያለ ወረቀት ሌባ ሲሉት የኖሩ ሰዎች፣ ሌባ አይደለም ለማለት ወረቀት አማራቸው። ወረቀቱ ደግሞ እርስዎ ጋ ጥገና ላይ ነው።

ሰር ሃልዊክንም ሳላመሰግን አላልፍም። አንድ ሰው በግፍ ሲገረፍ ዝም ብለው፣ ዝምታቸውን ግን በሚያምር ቀለም መዝግበው አስቀምጠዋል። ያ ወረቀት አገራቸው ውስጥ ብል እንዳይበላው፣ እርጥበት እንዳያገኘው ሠራተኛ ተቀጥሮለት ይጠበቃል አሉ። የአያቴ ቅጂ ግን እስከ ዛሬ ጀርባው ላይ ነው ያለው፤ ሠራተኛም አልተቀጠረለትም፣ ጥገናም አላስፈለገውም።

ስለዚህ፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ ገጹ ተጠግኖ እንዳለቀ፣ ባያልቅም እንደ ቆሰለ፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ለሽማግሌዎቹ እንዲደርስ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

በተዘጋ በርዎ ፊት ቆማ ትዕግሥትን የተማረች፣
የትምህርቱም ጊዜ ያበቃላት አክባሪዎ፣
ሣራ ተፈሪ ሻንቆ

ግልባጭ፦
ለሽማግሌዎች ሰብሳቢ ለአቶ ተገኝ (መነጽራቸውን ቤት ረስተው ካልመጡ)
ለቀይ አፈር የሐሙስ ገበያተኛ
በሕይወት ለሌለችው በቅሎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ጨርሼ ማጣበቂያ ስፈልግ ከእንግሊዝ አገር ፖስታ ደረሰኝ። የአጥኚዋ አድራሻ መስታወቱ ሥር ተለጥፎ ስለ ነበረ መስከረም 3 ቀን ጽፌላት ነበር፤ ያንኑ ገጽ እንደገና አስነሥታ ልካልኛለች። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መምህር ጥላሁን ትናንት ለሽማግሌዎቹ እየተረጎሙ አነበቡላቸው። አቶ ተገኝ "እኛም ድሮውንም ጠርጥረን ነበር" አሉ፤ ሌሎቹም ከዱሮ ጀምረው ጠርጥረው ኖሯል። ጥር ላይ ሐናን ቀድሞ የሚመርቃት አያቴ ነው። እርስዎን ይቅር ብሎዎታል፤ እኔንም "ይቅር በይው" ብሎኛል፤ ይቅር ማለት ግን የሽማግሌ ሥራ ነው፣ እኔ ገና አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።

ደግሞም ሴትዮዋ ቀጣዩን ገጽ ጨምራ ልካለች። ሰር ሊሰናበቱ ሲሉ አባትዎ የምስክር ወረቀት እንደ ለመኑ፣ ሰርም "ይህን የያዘ ሰው ፈጣን አስተርጓሚ ነው፤ በቅሎ ያለው ሰው ግን ከርሱ ይጠንቀቅ" ብለው በእንግሊዝኛ እንደ ጻፉላቸው፣ አባትዎም ሁለት ጊዜ እጅ ነሥተው እንደ ተቀበሉ ይናገራል። ሳሎንዎ ውስጥ በወርቅማ ፍሬም ተሰቅሎ፣ እንግዳ ሁሉ ተነሥቶ እንዲያየው የሚደረገው የእንግሊዝኛ ወረቀት ፊርማው የሰር ሃልዊክ ከሆነ፣ በመጣሁበት ሰዓት በሩን ያስከፍቱልኝ። በነጻ እተረጉምልዎታለሁ፤ አንድ ቃል አልጨምርም፣ አንድ ቃል አልቀንስም።