የጋሽ ተፈራ ሰላምታ በሬዲዮ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2015
ዊልስደን

ዛሬ ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ስለ አማተር (የትርፍ ጊዜ) ሬዲዮ ፈቃድ የቀረበውን የለውጥ ሐሳብ አንብቤ ጨረስሁ። ከጸደቀ፣ ፈቃድ የሌለው ሰው ባለፈቃዱ አጠገቡ ሆኖ እየተቆጣጠረው በሬዲዮ ከሩቅ ሰዎች ጋር መነጋገር ይችላል። እኔ ፈቃዱ ስላለኝ ብዙም አይጨምርልኝም። የሚጠቅመው አማቴን ጋሽ ተፈራን ነው። በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ፤ እዚህ እንግሊዝ አገር ግን በእንግሊዝኛው የተነሣ የፈቃዱን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቀዋል።

ስነግራቸው ወዲያው እንለማመድ አሉ። ሬዲዮውን አጥፍቼ ማይኩን ሰጠኋቸው።

«ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ? ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆቹስ? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል?»

«ጋሼ፣ በፈቃዱ የተሰጠንን የጥሪ ስም መጀመሪያ አልተናገሩም እኮ» አልኋቸው።

«ሰላም ሳልል ስሜን? ባለጌ ልታደርገኝ ነው?»

«ሕጉ ነው።»

«እንግዲያው ሕጉን ያወጣውን ሰው አሳዳጊ በድሎታል።»

ከሽማግሌ ጋር መከራከር አያዋጣም። ሥራውን ለሁለት ከፈልነው፤ የጥሪ ስሙን እኔ ልናገር፣ ሰላምታው የእሳቸው ይሁን። ይህ አሠራር እንዲፈቀድ አስተያየቴን በሦስት አረፍተ ነገር ጽፌ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ላክሁ። ይሰሙኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ደስ ብሎኛል።

ጋሼ መቼ እንደሚወሰን ጠየቁኝ። ወራት ሊፈጅ ይችላል አልኋቸው።

«ግድ የለም፣ እስከዚያ ሰላምታውን አሳጥረዋለሁ» አሉ።

ማይኩን አንሥተው እንደገና ሲለማመዱ ግን ከልጆቹ ቀጥሎ የከብቶቹንም ደህንነት ጠየቁ።