የሳቢሪንን ፎቶ በበሩ ላይ ለሰቀሉት ለክቡር አቶ ጌታነህ

ለክቡር አቶ ጌታነህ
የጋይሳይ ሕክምና ኮሌጅ የተማሪዎች ቅበላና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ
ጎባ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብና አንዲት አነስተኛ ጥያቄ ስለመጠየቅ

እጅግ የተከበሩ አቶ ጌታነህ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ከርሟል እላለሁ። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ በዚህ ሰሞን ጎባን አላላውስ ስላለ፣ ቢሮዎ ውስጥ ያለችው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሳትቋረጥ እንድታገለግልዎ፣ ወገብዎና ጉልበትዎም ደኅና ውለው እንዲያድሩ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጸሎት አምባዬ እባላለሁ፤ የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። በስሜ ባያስታውሱኝ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬ ሊያስታውሱኝ ይችላሉ። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ ድፍረት ይዞኝ ሳይሆን፣ ቢሮዎ በተመላለስኩ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ ነው፤ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ ብጽፈው ከስብሰባው ሲወጡ አንድ ሰው ይነግርዎታል ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ስል ከመነሻው ልናገር። ባለፈው ክረምት እኔና የክፍል ጓደኛዬ ደራራ የኮሌጁን የመግቢያ ፈተና ለሚወስዱ አመልካቾች ቅዳሜ ቅዳሜ ምክር ለመስጠት ተነሣን። ደራራ የጎሮ ገበሬ ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ ሮቤ ተመድበው በዚያው በቀሩ አስተማሪዎች ቤት ያደግሁ ነኝ። ሁለታችንም ስናመለክት ፈተናው ምን እንደሚመስል፣ በቃለ መጠይቅ ምን እንደሚጠየቅ፣ ከገቡ በኋላስ ኑሮው እንዴት እንደሆነ የሚነግረን ሰው አልነበረንም። እኛ ያጣነውን ሌሎች እንዳያጡት ብለን ኮሌጁ ውስጥ አንድ ባዶ ክፍል ይዘን ወሬውን አስወራን። ልጆቹ ከሮቤ፣ ከጎሮ፣ ከጊኒር መጡ፤ አንዱማ ከሃረና ድረስ በቡና ጫኝ መኪና ተሳፍሮ ነበር የመጣው።

እንግዲህ በአንደኛ ደረጃ የማመሰግንዎ፣ ሥራ በዝቶብዎት ሳለ በአካል ተገኝተው ስለጎበኙን ነው። እንደ ዕድል ሆኖ የገቡት ደራራ የመጀመሪያ ዓመቱን በሚተርክበት ሰዓት ነበር። የአናቶሚ ፈተና ወድቆ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንዳለቀሰ፣ አስከሬን ባየበት ዕለት ምሳ መብላት እንዳቃተው፣ በኋላ ግን አንድ በዓመት የሚቀድመው ተማሪ አጠገቡ እየተቀመጠ እንዳስጠናውና እንዳለፈ እየነገራቸው ነበር። «የምትፈልጉት ነጩን ጋዋን ብቻ ከሆነ ገበያ ላይ ይሸጣል፤ ሕመምተኛውን ከፈለጋችሁ ግን ኑ፣ እናግዛችኋለን» ሲላቸው ልጆቹ ሳቁ። እርስዎ አልሳቁም። ሰኞ ቢሮዎ አስጠርተውን፣ «እናንተ ልጆች፣ ሰው ልታመጡልን ነው ወይስ ልታባርሩብን? ለቅሶና አስከሬን እየተወራ ማን ይመዘገባል?» አሉን። ደራራ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ አውቆ የመጣ ሰው አይሸሽም» ቢልዎ፣ «ገጽታ የሚባል ነገር አለ» ብለው አሰናበቱን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ተቆለፈ።

ስለ ቁልፉም ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ክፍሉ መስኮቱ የተሰበረና ነፋስ የሚያፏጭበት ስለነበር ራሳችን ለመልቀቅ አፍረን ነው እንጂ ሰልችቶን ነበር። እርስዎ ባይዘጉብን ኖሮ ሮቤ የሚገኘውን የደራራን አጎት የኮምባይነር መጠለያ አናገኘውም ነበር። ስንዴው ገና ስላልደረሰ ኮምባይነሮቹ ሥራ ፈትተው ቆመዋል፤ እኛ በመካከላቸው አግዳሚ ወንበር ደርድረን፣ የቆርቆሮውን ግድግዳ እንደ ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ እየጻፍንበት ቀጠልን። ሳቢሪንም የመጣችው እዚያ ነው።

ሳቢሪንን ዛሬ ጎባ የሚያልፍ ሁሉ በመልክ ያውቃታል፤ ያን ጊዜ ግን አንዲት ከጊኒር የመጣች ዝምተኛ ልጅ ነበረች። አባቷ ከብት ነጋዴ ነው። ይዛት የመጣችው ሮቤ ጨርቅ የምትሸጠው አክስቷ ዙህራ ናት። ዙህራ እኔን ወደ ጎን ጠርታ፣ «ልጅቷ ትንተባተባለች፣ ቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው። ሐሳቧ ፈጣን ነው፤ አፏ ነው የሚዘገይባት። ትችላለች ካላችሁ አስተምሯት፣ አትችልም ካላችሁም ዛሬውኑ ንገሩኝ፣ አታንገላቷት» አለችኝ። ደራራ ሰምቶ ኖሮ መልስ ሳይሰጥ አንድ የባዮሎጂ ጥያቄ ቆርቆሮው ላይ ጻፈና ጠመኔውን ለሳቢሪን ሰጣት። እሷም ሠርታ ጨረሰችና ጥያቄው ራሱ ላይ ስሕተት እንዳለ አሳየችው። ዙህራ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችም፤ በየቅዳሜው ብስኩት ትልክልን ጀመር።

በሁለተኛ ደረጃ የማመሰግንዎ ታላቁን «የአመልካቾች የመነቃቂያ ቀን» ስላዘጋጁ ነው። እኛ በቆርቆሮ ሥር የምናደርገውን እርስዎ በአዳራሽ፣ በባነርና በድምፅ ማጉያ ሊያደርጉት በመነሣትዎ ኮርተናል። ከአዲስ አበባ የመጡት አነቃቂ ተናጋሪም ልጆቹን ዓይናቸውን አስጨፍነው ራሳቸውን በነጭ ጋዋን እንዲያዩ ሲያደርጉ መብራት ጠፍቶ ቢመለስ፣ ዓይኑን የጨፈነ ሁሉ ሳያውቀው ዝግጅቱ በሰላም ቀጠለ። ይህን ያህል የተዋጣለት ዝግጅት እስካሁን አላየሁም።

ይሁንና የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ሳቢሪን እጇን አወጣች። ማይክሮፎን ተሰጣት፤ የመጀመሪያው ቃል ያዛት። አዳራሹ ለአፍታ ጠበቀ፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌሎችም ተከተሉ። እርስዎም እንደ አባት አዝነው መድረክ ላይ እንዳሉ፣ «የኔ ልጅ፣ አትቸገሪ። ሕክምና የሚናገር ሰው ይፈልጋል። ላቦራቶሪ አለ፣ ፋርማሲ አለ፤ ብዙ ጥሩ ጥሩ ሙያ አለ» አሉና ማይክሮፎኑ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ አደረጉ። ሳቢሪን ተቀመጠች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ መጠለያው አልመጣችም።

እኔና ደራራ ወደ ዙህራ ቤት ሄድን። ሳቢሪን ሻንጣዋን ሸክፋ ወደ ጊኒር የሚሄደውን ቅጥቅጥ ልትሳፈር ነበር። ልመና አልጀመርንም፤ ደራራ ብቻ በኦሮምኛ፣ ልትጠይቅ የነበረው ምን እንደሆነ ጠየቃት። እርስዎ ሳይሰሙት ስለቀሩ እዚህ ልጻፍልዎ። ሕመምተኛው ኦሮምኛ ብቻ፣ ሐኪሙ ደግሞ አማርኛ ብቻ የሚያውቁ ሲሆኑ የሚያስተረጉመው ማነው፣ ለተማሪዎችስ በኮሌጁ ቋንቋው ይሰጣል ወይ ነበር ጥያቄዋ። ለምን ይህን እንዳሰበች ስንጠይቃት ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ እኛም ጊዜ ነበረን።

«እ… እናቴ ታማ ሆስፒታል ወስደናት ነበር» አለች። «ሐኪሙ የት እንደሚያማት ጠየቃት። እሷ እየ… እየነገረችው ሳለ ጽፎ ጨረሰ። ቀና ብሎም አላያትም። መድኃኒቱን ይዘን ወጣን፣ ሕመሟ ግን የተናገረችው ቦታ አልነበረም፤ ገና ልትናገረው የ… የነበረው ቦታ ነው። እኔ ሰው ሲያቋርጠኝ ነው ያደግሁት። ሰው እስኪጨርስ መስማት እችላለሁ።»

ዙህራ ተነሥታ ሻንጣውን ከበሩ አጠገብ አንሥታ ወደ ጓዳ መለሰችው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የእርስዎን ትምህርታዊ አስተዋፅኦ ስለሚመለከት በዝርዝር ላስረዳዎ። መጀመሪያ እንደ መጽሐፍ መልስ አሳጥረን ልናስጠናት ሞከርን፤ በቃል የያዘችው ቃል ይበልጥ አሰናከላት። ደራራ፣ «ለምን እንደብቀዋለን? ፊት ለፊት ትንገራቸው» አለ። ስለዚህ ኮምባይነሮቹ መካከል ጠረጴዛ አደረግን፤ አመልካቾቹ በየተራ እንደ እርስዎ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ተቀመጡ፤ አንዱ ሰዓቱን እንዲያይ፣ አንዱ እንዲያዛጋ፣ አንዱም ስልክ እንዲያነሣ ተደረገ። ሳቢሪን ፊታቸው ቆማ፣ «እንተባተባለሁ፤ የጀመርኩትን ግን እጨርሳለሁ» ማለትን ተለማመደች። ለወትሮው የማይስቅ ልጅ እንኳ እርስዎን ሆኖ ሲቀመጥ ያሳየው ችሎታ ያስደንቅ ነበር፤ ለዚህ መነሻ ስለሆኑን እናመሰግናለን።

በሦስተኛ ደረጃ ላመሰግንዎ የሚገባኝ የመጠለያው ወሬ ደርስዎት ለእኔና ለደራራ ስለሰጡን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። «በኮሌጁ ስም ያልተፈቀደ ምክር በመስጠት» የሚለው አገላለጽ በተለይ ደስ ብሎኛል፤ ምክር ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አላውቅም ነበር። ሌላ ጥፋት ከተጨመረብን ለአንድ ዓመት እንደምንታገድም በማያሻማ ቋንቋ ተገልጾልናል። ደራራ ደብዳቤውን አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ቤተሰቡ ጎሮ ላይ መመረቂያውን እየጠበቁ መሆኑን ስለማውቅ፣ «ይብቃህ፣ የቀሩትን ቅዳሜዎች እኔ እይዛቸዋለሁ» አልኩት። «እኔን ያስጠናኝ ልጅ ይብቃህ ቢባል ኖሮ እኔ አሁን የት ነበርኩ?» አለኝና ቅዳሜ ከእኔ ቀድሞ መጠለያው ደረሰ። የምስጋናዬን ቁጥር እዚህ ላይ ልተወው፤ ቸርነትዎ ተቆጥሮ አያልቅም።

የጽሑፍ ፈተናውን ሳቢሪን በጥሩ ውጤት አለፈች። ለቃለ መጠይቁ የገባችው እርስዎ በሰበሰቡት ጉባኤ ፊት ሲሆን፣ በዚያ ከእርስዎ ጎን የውስጥ ደዌ ሐኪሟ ዶክተር ሸዋርጋ ተቀምጠው ነበር። የሆነውን የሰማሁት ከራሷ ከሳቢሪን ነው። የተለማመደችውን ተናገረች፤ እርስዎም እንደ ተለመደው ሰዓትዎን አዩ። መልሷ መሃል ላይ ስትደርስ፣ «ሰዓት አልቋል» አሉ። ዶክተር ሸዋርጋ ግን፣ «ሰዓቱ ቢያልቅም ልጅቷ አልጨረሰችም» አሉና ወደ እሷ ዞረው፣ «ሱታ ጄዲ» አሏት፤ በኦሮምኛ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ዶክተሯ ከሌላ አካባቢ መጥተው ባሌ ውስጥ ሲሠሩ ቋንቋውን ከሕመምተኞቻቸው የተማሩ ናቸው። ከዚያም አንድ ሕመምተኛ ምን እንደሚሰማው አልናገርም ቢል ምን ታደርጊያለሽ ብለው ጠየቋት።

«ወን… ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ» አለች ሳቢሪን።

ዶክተሯ ሌላ ጥያቄ እንደሌላቸው ተናገሩ። ውጤቱ በተለጠፈ ዕለት ስሟ ነበረበት። ዙህራ ሱቋን ዘግታ መጠለያው ድረስ መጣች፤ ደራራን እንደ ልጇ አቅፋ አለቀሰች፤ እሱም ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት የኮምባይነሩን ጎማ ይዞ ቆመ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከሚኒባስ ስወርድ በኮሌጁ በር ላይ ሳቢሪን ከእኔ ሦስት እጥፍ ገዝፋ ተሰቅላ አገኘኋት። ከሥሯ «በኮሌጃችን የአመልካቾች የምክር አገልግሎት ታግዛ ለስኬት የበቃች» ይላል። ክቡር ሆይ፣ እኔና ደራራ በማኅደራችን ውስጥ ማስጠንቀቂያ የተያዘብን ይህንኑ ምክር በመስጠታችን ነው። ኮሌጁ በበሩ የሚኮራበትና በማኅደር ቤቱ የሚቀጣበት ነገር አንድ መሆኑ እንደ ተማሪ አእምሮዬን አስጨንቆታል። ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምንዎ፣ ከሁለቱ አንዱን እንዲያነሡልን ነው። ባነሩን ማውረድ መሰላል ይጠይቃል፤ ማስጠንቀቂያውን መሰረዝ ግን የእርስዎ ፊርማ ብቻ ይበቃዋል።

እስከዚያው ግን ቅዳሜ እንገናኛለን። በዚህ ዓመት ከጎባ የመጡም ተጨምረዋል፤ ስንዴው ደርሶ ኮምባይነሮቹ ስለወጡ ቦታውም ሰፍቷል። የምንነግራቸውም ያንኑ ነው፤ ከባድ ነው፣ ታለቅሳላችሁ፣ አብረናችሁ እንቀመጣለን። ይህ ጥፋት ከሆነ በእኔና በደራራ ስም ይመዝገብ፤ አመልካቾቹን አይንኩብን።

የበታችዎ መሆኔን ሳልዘነጋ፣ ለደግነትዎ ወሰን አጥቼለት፣ ለሚሰጡኝ መልስም ሆነ ለማይሰጡኝ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ፣

ጸሎት አምባዬ
የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ ባለ አንድ ማስጠንቀቂያ
ሮቤ

ማሳሰቢያ፦ በአዲስ ተማሪዎች አቀባበል በዓል ላይ ሳቢሪን የምስጋና ንግግር እንድታደርግ ቢሮዎ ጠይቋታል፤ የተመደበላትም ሦስት ደቂቃ ነው። በደስታ ተቀብላለች። አዳራሽ ውስጥ ልትጠይቅ የነበረውን ጥያቄ ጨምሮ የምትናገረውን በሙሉ አሰናድታለች፤ እኛም አንዲት ቃል እንዳትቀንስ መክረናታል። የተለመደው ሰዓትዎ እንዳያስቸግርዎ ቤትዎ ትተውት ቢመጡ፣ ለክቡራን እንግዶችም ደህና ወንበር ቢያዘጋጁ መልካም ነው።