የሚቆጣው ሳንባዋ ነበር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ትምህርት ቤት። ሒሳብ፣ ኬሚስትሪ፣ ከዚያ ቤት። አክታው እንዲላቀቅ እማዬ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችልኝ። ሕፃን የምታስገሳ ነው የምትመስለው።
"ጠንከር አድርጊው፣ አልሰበርም" አልኳት። ሳቀች። እጇ ግን ያው ነው።
እህቴ ብትሆን እንደ ከበሮ ትደልቀኝ ነበር። ከሞተች ዛሬ አምስት ሳምንት…

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ሕፃን ሳለን እማዬ ስትስመን ጨው ጨው እንላት ነበር። በሽታችን ላብን ጨዋማ ያደርጋል። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ይባላል፤ ሳንባንም በወፍራም አክታ ይሞላል። እህቴ "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ የተባለው ለእኛ ነው" እያለች ታስቀኝ ነበር። አሁን ማን ይቀልድብኛል?
አንድ በሽታ፣ አንድ ቤት፣ አንድ መድኃኒት። እኔ ኳስ እጫወታለሁ። እሷ ደረጃ ስትወጣ ሦስቴ ታርፍ ነበር። አንድ ቀን እዚያው ደረጃ ላይ "ስለምትሰንፊ እኮ ነው! መድኃኒትሽን እየዘለልሽ!" አልኳት።
አልተቆጣችም። "እሺ ጌታዬ" አለችኝ፣ እያሳላት።
ምን ነካኝ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ክሊኒክ ነበርኩ። ዶክተሩን ጠየቅኩት። "እኔ ለምን ተረፍኩ?"
ከእናት ከአባታችን የወረስነው የጂን ስህተት አንድ ነው አለኝ። ሌሎች ጂኖቻችን ግን ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ሳንባ ምን ያህል እንደሚቆጣ ሳይወስኑ አይቀርም፤ ገና እየተጠና ነው።
"የእሷ ሳንባ አንዴ ከተቆጣ አይበርድለትም ነበር። ራሱን ይጎዳል።"
"ሰንፋ አይደለም?"
"ማን፣ እሷ? አንተ ነህ እንጂ መድኃኒት የምታጓድለው!"
እሷ እኮ ቁጣ አታውቅም። ሳንባዋ ብቻ…
የእሷ ደም ለጥናቱ ተቀምጧል። ከእሷ ጋር እንዲያስተያዩት የእኔንም ይፈልጋሉ። "አስብበት" አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ልነግራት ፈለግኩ። ክፍሏን ከፍቼ ቆምኩ። አልጋዋ ተነጥፏል… ለማን ልንገር?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ደም ሰጠሁ። እማዬ ፊቷን አዙራ እጄን ያዘችኝ።
ከዚያ ቅጽ ሰጡኝ። "ሟች ሕክምናዋን በአግባቡ ትከታተል ነበር?" ይላል። "ሟች" የምትለዋን ቃል ማለፍ አቃተኝ። ቆይቼ "አዎ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። አልበቃኝም። ጎኑ ላይ ጻፍኩ፦ በየቀኑ። ከእኔ በላይ። ሰነፍ ብዬ የሰደብኳት በሐሰት ነው።
ነርሷ አየችው። "ጎበዝ፣ ድርሰት አይደለም እኮ። ምልክት ብቻ ነው።"
"አውቃለሁ" አልኳት።
አልሰረዝኩትም። ከሥሩ ፈረምኩበት።