ለብርሃኑም እንኳን አደረሰህ

ጳጉሜ 4፣ ከሰዓት
ደብተሬ፣ ዛሬም እዚያው ነኝ። ወልቂጤ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቴ፣ የግድግዳ ካሌንደር እየጠረዝኩ። ሕዝቡ አዲስ ዘመን ይጠብቃል። እኔ አትሜ ጨርሼዋለሁ፤ ወሩን ሁሉ አየሁት፣ የተለየ ነገር የለውም። «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ» ብዬ ስልኬ ውስጥ ላለ ፍጥረት ሁሉ ባንዴ ላክሁ። ለአክስት፣ ለደንበኛ፣ ለባጃጅ ሾፌር። ለብርሃኑም። ታላቅ ወንድሜ። ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከወጣ አራት ዓመቱ። ከመንገድ አንዴ ደወለ፣ ከዚያ ጭጭ። በየዓመቱ እልክለታለሁ፤ መልስ የለም። ስሙን ማን ደፍሮ ይሰርዛል?

መስከረም 1፣ ከጠዋቱ 3፡20
አጎቴ መጣ። ነጭ ጋቢ፣ የሽማግሌ ፊት። እንኳን አደረሳችሁ አለና ቀጠለ፦ ከመስቀል በፊት የብርሃኑን እርም እናውጣ፣ ይለቀስለት፣ ይረፍ። የዓውደ ዓመት ስጦታ መሆኑ ነው! እማዬ መሬት መሬት ታያለች። ስልኬ ጮኸ። «እንኳን አብሮ አደረሰን።» ላኪ፦ ብርሃኑ። እኔ ጅሉ ስሙን ጮክ ብዬ አነበብኩት።
እማዬ እልል አለች። አጎቴ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ።

መስ. 2
ደወልኩ። ሴት። አሰላሙ ዓለይኩም አለችኝ። ቡታጅራ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ሲም ካርዱን ያወጣችው ግንቦት ላይ። ቁጥሩ ሥራ ፈትቶ ቆይቶ ለእሷ ደረሳት። መልካም ምኞት ሲመጣላት በጨዋ ደንብ መለሰች፤ ምን አጠፋች? ዘመን እኛን ሲያሸጋግር ወንድሜን መንገድ ላይ አውርዶ ወንበሩን ለሌላ ሰጠ። ሳቅሁ። ሳቁ ደስ አይልም።
ከዚያ ጨመረችልኝ። እሑድ እሑድ አንዲት እናት ትደውልላታለች። «በላህ ወይ?» ትላለች። «እናቴ፣ ተሳስተዋል» ስትላት ትዘጋለች። በሳምንቱ ደግሞ ያው።
ያን አጠያየቅ አውቀዋለሁ፤ ያደግሁበት ነው።

መስ. 5፣ እሑድ
ጎረቤት እየመጣ እማዬን እንኳን ደስ ያለሽ ይላታል። እሷም አሜን። ለመስቀል በሬ ቅርጫ ሲያወሩ የብርሃኑን መደብ አስገባች። አልቻልኩም፣ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኋት። ቁጥሩ የሌላ ሰው መሆኑን ታውቃለች። ከግንቦት ጀምሮ። እልልታውስ? አጎትህን ለማስወጣት ነው አለች፣ ሽንኩርት እየላጠች።
ቆይታ፦ «እናት ልጇን ሞተ አትልም። ይህን መስቀል ብቻ ይለፍልኝ። ከዚያ አንተ በልልኝ።»

መስ. 6፣ ንጋት
እኔ የማውቀው መቀለድ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ጥግ ይዤ አስቃለሁ።
ወስኛለሁ። በመስቀል ማግስት፣ ለበዓሉ የሚመጣው የአዲስ አበባ ዘመድ ሳይበተን፣ አጎቴ ቤት እሄዳለሁ። ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ ወንድሜ ሞቷል እላለሁ። ሳልቀልድ።