ሦስተኛው ኩርባ ላይ የሚተኛው ሰውዬ

ለሚያኮርፈኝና ለምወደው አባቴ፣

እንደምን ከርመሃል አባዬ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ዝናብ ሊመጣ ሲል አሁንም ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግርሃል? እማዬስ፣ ጋራዡስ፣ ያ ሰነፍ ውሻህስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንገቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ጎረምሳ በየኩርባው ስወረወር ስለምውል ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ልለምንህ ነው። ቅዳሜ የመጨረሻ የመኪና ውድድሬ ነው፤ እዚያው ሃርሎ ክሪክ፣ ከቤታችን አፍንጫ ሥር። ከመጀመሪያ ጀምሮ ከተመልካቾቹ መቀመጫ በላይ ጣራው ላይ ቆሞ ዓይን የሆነኝ ዌንደል ወገቡን ታሞ ተኝቷል። ከመኪናው ውስጥ ሆኜ ከጎኔ ያለውን እንደማላይ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በሬዲዮ “ከጎንሽ ነው”፣ “አለፍሽው” የሚለኝ ሰው ከሌለ ዕውር ነኝ። የቡድናችን አለቃ ዶይል ሌላ ሰው ላምጣልሽ አለኝ። እኔ ደግሞ በእሱ ቦታ አባቴ እንዲቆም ነው የምፈልገው አልኩት። ዶይል ሳቁን ለቀቀው። “እህ! ፓስተራችንን አረቄ አውጣልን ብትይው ይቀልሻል” አለኝ።

ምን ይበል? አጎቴ ራንዳል በአረንጓዴ መኪና ሲወዳደር ከሞተ ወዲህ በቤታችን ያ ቀለም አይነሳም። በየውድድሩ ሜዳ አረንጓዴ መኪና ገደ ቢስ ነው ይባላል፤ የኛ ቤት ግን ብሶ ነበር። እማዬ አረንጓዴ ቀሚሷን ሳይቀር ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች። ወጪዬን የሚሸፍነው የዘር ኩባንያ መጥቶ መኪናዬን እንደ በቆሎ ቅጠል የቀባው ዕለት፣ ጋራዡ በር ላይ እጅህን በጨርቅ እየጠረግህ፣ “እዚያ ውስጥ ከገባሽ ስትነጂ አንድ ቀን አላይሽም! የወንድሜ አጥንት ይፋረደኝ!” አልክ። እኔም ያንተው ልጅ አይደለሁ? “አትይ! ማን ለመነህ!” ብዬህ ወጣሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አላየኸኝም። አሥራ ሰባት ጊዜ አንደኛ ወጣሁ። ዝናብ ባቋረጠው ውድድር፣ ጎማዬ ሊፈነዳ ክር ሲቀረው፣ አንዴም በተሰበረ ጣቴ። ሻምፒዮን ሆንኩ፤ ከአውራጃችን ማንም ያላገኘውን። ዋንጫውን ሁሉ ላንተ ላክሁ። ትልቁ ውስጥ ዶሮዋ እንቁላል ትጥልበታለች ሲሉኝ፣ ደግ፣ ለአንዷ እንኳን ጠቀመ አልኩ።

ግን አባዬ፣ አንተም ነድተሃልና ውስጡ እንዴት እንደሆነ ታስታውሳለህ? ዙሩ ሲበዛ ጩኸቱ እየራቀ፣ እየራቀ ይሄድና ጸጥ ይላል። ልጅ ሆኜ ከአቧራው የውድድር ሜዳ ስንመለስ ጭነት መኪናህ ኋላ ተጋድሜ ዛፎቹ ከላዬ ሲያልፉ እንደማየው ነው። መሪውን የያዝኩት እኔ ሳልሆን እሱ እኔን የያዘኝ ይመስለኛል። አንዳንዴ ራንዳል ከፊቴ ሲነዳ አየዋለሁ፤ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ ሳይቸኩል። አልፈራም። ቀስ ብዬ እከተለዋለሁ፤ ከዚያ ኩርባው ይመጣና ይጠፋል።

እንዲህ እንዲህ ያለውን ሁሉ በሬዲዮ አወራለሁ። “ፀሐይዋ የውኃ ታንከሩ ላይ ተቀምጣለች። አሁን ሰማያዊውን መኪና በውስጥ በኩል ልይዘው ነው። የፊት ጎማው ትንሽ ይሸሸኛል።” የቡድናችን ልጆች “ሬዲዮ ጣቢያችን ሥራ ጀመረች!” ይሉኛል። ዶይልማ ይነደዋል። “ልጄ፣ እኛ እኮ እያየንሽ ነው! ለማን ነው የምትተርኪው?” ይለኛል። እኔ ትረካዬን እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ግን ዝምተኛ ነበርኩ። ዌንደል “አለሽ ወይስ እንቅልፍ ወሰደሽ?” እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

በተጣላን በሁለተኛው ዓመት በቤተ ክርስቲያኑ የአሳማ ጥብስ ቀን ሳህንህን ይዘህ ምን እንዳልክ ትዝ ይልሃል? “ያ ዶይል የሚሉት ደረቅ! ልጅቷ የኋላው ጎማ ሊከዳኝ ነው እያለችው አላምን አላት” አልክ። እማዬ ማታውኑ ደውላ ነገረችኝ። አባዬ፣ ያ ነገር በቴሌቪዥን አልወጣም። እኔና ዶይል በሬዲዮ የተባባልነው ነው። እሱን የሚሰማው ደግሞ እዚያው ሜዳው ውስጥ ማዳመጫ በጆሮው አድርጎ የተቀመጠ ተመልካች ብቻ ነው። አንተ ያን ቀን ዓሣ ላጠምድ ሄድኩ ብለህ ነበር። እማዬ “ከውድድር ቀን በቀር ዓሣ የማያምረው፣ አንድም ዓሣ ይዞ የማይገባ አጥማጅ አግብቼልሻለሁ” አለች።

በሚቀጥለው ውድድር የዶይልን ሚስት፣ ቬርናን፣ አባቴን ፈልጊልኝ ብዬ ላክኋት። ሦስተኛው ኩርባ፣ የላይኛው ረድፍ ላይ አገኘችህ። ኮፍያህን ፊትህ ላይ ደፍተህ፣ ማዳመጫህን አድርገህ። አጠገብህ የነበሩት፣ “ይሄ ሰውዬ ሁልጊዜ ይመጣል። ከፍሎ ይገባና ይተኛል!” እያሉ ይስቁ ነበር አለችኝ። ቬርና ግን፣ “ተኝቶ አይደለም። አንድ ዙር ባለፍሽ ቁጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል” አለችኝ።

ሳታየኝ እየሰማኸኝ መሐላህን ስላላፈረስክ ኮራሁብህ። እየጸለይክልኝ ስለነበር ደግሞ አለቀስኩ። ለማንም አልነገርኩም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በሬዲዮ ማውራት ጀመርኩ። ካወቅኩብህ አፍረህ ትቀራለህ ብዬ ፈራሁ። አሁንም ፈርቻለሁ፤ ይህን ካነበብክ በኋላ ያቺን መቀመጫም ትተዋት ይሆናል። ግን ከቅዳሜ በኋላ የምታዳምጠው የለም። ስለዚህ ልድፈር አልኩ።

መኪናዋ አሁንም አረንጓዴ ናት፤ አልዋሽህም። ለመጨረሻው ቀን በፈለግሽው ቀለም እንቀባልሽ ብለውኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት በደህና መልሳኛለች። ራንዳልንም የገደለው ቀለሙ አይደለም፤ አንተም ልብህ ያውቀዋል።

ስምህን ለጣራው ዘበኛ ሰጥቼዋለሁ። ደረጃው ለጉልበትህ ይከብዳል፤ ቀስ ብለህ ውጣ። እዚያ ላይ ኮፍያ ፊት ላይ አይደፋም፤ ዓይን ያስፈልጋል። ካልሆነልህ አልቀየምህም። ዶይል ሌላ ሰው ያቆማል፤ አንተም ሦስተኛው ኩርባ ላይ ተቀመጥ፤ እንደ ልማዴ እስከ መጨረሻው ዙር እነግርሃለሁ።

ከመጣህ ግን አባዬ፣ ቅዳሜ እኔ ዝም እላለሁ። የምታየውን አንተ ንገረኝ።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፤ እማዬንም ያቆይልን። ዶሮዋንም ሰላም በልልኝ።

የምታኮርፋት ልጅህ