በዓሣ አጥር መካከል ላለፈችው መስመር፣ ለሰምቡር ደሴት ሹም የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ኦስተርካምፕ
የሰምቡር ደሴት የባሕር ድንበርና የጉምሩክ ሹም
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በዝናቡ ወራት ያስቸገረዎት የእግር እብጠት እንደለቀቀዎት፣ በረንዳዎ ላይ ያለው ወንበርም እንደ ወትሮው ከምሳ እስከ እራት በምቾት እንደያዘዎት ከወደብ ሴቶች ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ጤነኛ ሆነው ይህን ያህል ከሠሩልን ታመው ምን ሊያደርጉን እንደሚችሉ ስለማናውቅ፣ ከባሕሩ ወዲህ በሲንጋፖር በእንግሊዞች ሥር ያለነውም ሆነ ከባሕሩ ወዲያ በእናንተ በሆላንዶች ሥር ያሉት ዘመዶቻችን ስለ ጤናዎ አጥብቀን እንጸልያለን።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ። በቁጥር ያደረግሁት ክቡርነትዎ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፦ ስለ መስመሯ እናመሰግናለን። አያቶቻችን ይህንን ባሕር አንድ ብቻ ነው ብለው ሲቀዝፉበት፣ ሲጋቡበትና ሙታናቸውን ሲያሻግሩበት ኖረው ሞቱ፤ ምስኪኖች ሳይማሩ ቀሩ። ሁለቱ መንግሥታት በካርታ ላይ በቀይ እርሳስ ያሰመሯትን መስመር ክቡርነትዎ ወደ ውኃው አውርደው የት እንደምታልፍ ባያሳዩን ኖሮ፣ እኛም በድንቁርናችን እንቀር ነበር። መስመሯ ደግሞ ሰፊው ባሕር ሁሉ ጠብቧት፣ በባሏ ሞት ብቻዋን የቀረችውና መንደሩ ማክ፣ ማለትም እናት፣ እያለ የሚጠራት የማክ ሰኦዳህ የዓሣ አጥር መካከል ማለፏ፣ የክቡርነትዎን የዓይን ጥራት ያስመሰክራል።

ይህንን የሚያነብ የከተማ ሰው ቢኖር፣ አጥሩ ማለት ከጥልቁ ባሕር በፊት ባለው ደለል ላይ በእንጨት ችካል የተተከለ ረጅም አጥር ነው። ዓሣው ይመጣል፣ አጥሩ ይጋረጠዋል፣ ወደ ጥልቁ አመልጣለሁ ብሎ አጥሩን ተከትሎ ሲዋኝ መጨረሻው ላይ ካለው ሰፊ ጓዳ ይገባል፤ እዚያ መረቡ ይጠብቀዋል። እንግዲህ በክቡርነትዎ ልኬት ዓሣውን የሚጋርጠው የአጥሩ ጅራት በሆላንድ ባሕር፣ የዓሣው ጓዳ በእንግሊዝ ባሕር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዓሣው ከእርስዎ ግዛት ሳይፈቀድለት ይወጣል፣ እንግሊዞች ጋ ሲደርስ ይሞታል፣ በማክ ሰኦዳህ ጀልባ ሬሳው ተመልሶ ሰምቡር ይገባል። በአንድ ነፍስ ሁለት ኮንትሮባንድ! የመንደሩ ሰው ሁሉ ከዚያ አጥር እየበላ ሲኖር ይህን ያህል ወንጀል ሲውጥ መኖሩን ማን ያውቅ ነበር?

ሁለተኛ፦ ጨርቋን በተመለከተ። ክቡርነትዎ መስመሯ የምታልፍበትን ችካል ለይተው በገዛ እጅዎ ነጭ ጨርቅ ያሰሩበት ዕለት፣ ልብስዎን የምታጥበው ሴት ጨርቁ ያረጀ አንሶላዎ መሆኑን በዓይኗ አይታ አረጋግጣለች። መንደሩ ግን አንሶላ መሆኑን አላየም። በእኛ ዘንድ አጥር ከታደሰ በኋላ ነጭ ጨርቅ በችካል ላይ የሚያስር ሰው ባሕሩን የሚለማመጥ፣ ለአጥሩም የዓመት ጠባቂ ሆኖ ቃል የሚገባ ሽማግሌ ነው። ሰዎቹ ሹሙ ራሳቸው ወርደው ጨርቅ አሰሩልን ብለው በደስታ አበዱ። ቢጫ ሩዝ ተቀቀለ፣ ዶሮ ታረደ፣ እርስዎም ምንጣፉ ላይ ከነጫማዎ ተቀምጠው ግብር የቀረበልዎ መስሎዎት በሉ። በሉ ስል ማጋነን አልወድም፤ ማክ ሰኦዳህ ግን "ወላሂ፣ እኚህ ሰው አገራቸው ምግብ የለም እንዴ?" ብላ ለጎረቤቷ ማንሾካሾኳን የሰሙ አሉ።

በማግስቱ ተመልሰው መጥተው የሴት ልጇን ባል ደሩስን ከነዓሣ ቅርጫቱ አሰሩት። በአገራችን የበላበትን ወጪት ሰባሪ የሚባል ሰው አለ፤ እንዲህ ያለውን ሰው እንኳ ወጪቱ እስኪታጠብ ድረስ ሲታገሥ ነበር የምናውቀው።

ሦስተኛ፦ ለችሎቱ ልዩ ምስጋና አለኝ፤ እንደዚያ ያለ ጨዋታ በሲንጋፖር ቲያትር ቤት እንኳ አላየሁም። ክቡርነትዎ በአስተርጓሚዎ አፍ "ይህ ዓሣ የየትኛው መንግሥት ነው?" ብለው ሲጠይቁ፣ ደሩስ ራሱን እያከከ "ጌታዬ፣ እኔ ስይዘው አልጠየቅሁትም። ቅርጫቱ ይኸው ከፊትዎ ነው፤ ቋንቋውን ካወቁ እርስዎ ይጠይቁት" አለ። ይህንንም እንደ ድፍረት ቆጥረው እስራቱን አራዘሙበት።

ከዚያ ማክ ሰኦዳህ ተነሣች። አንገቷን ደፍታ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ በዚያ በሚለሰልስ ድምፅዋ፦

"ጌታው፣ ጨርቁን ያሰሩት እርስዎ ነዎት። ሩዙን የበሉትም እርስዎ ነዎት። በእኛ ደንብ የአጥሩ ጠባቂ እርስዎ ነዎት፤ የገባው ዓሣ ሁሉ በእርስዎ ቃል ነው የገባው። ታዲያ አማቼን አስቀድመው ያሰሩት፣ እርስዎ ሲገቡ እስር ቤቱ ብቻዎን እንዳይጨንቅዎት ብለው ነው?"

አስተርጓሚው ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ሳል ያዘው። ለእርስዎ የተረጎመልዎት "ሴትዮዋ ምሕረት ትለምናለች" ብሎ ነው። ለሠራተኛዎ እንጀራ ስል ይህንን ባልነግርዎ እወድ ነበር፤ ነገር ግን ደሴቲቱ ሁሉ እያወቀው እርስዎ ብቻ ሳያውቁ መቅረትዎ አሳዘነኝ።

ሌላም አለኝ፤ ስንተኛ እንደሆነ ረሳሁት። እርስዎ በአጥሩ ላይ ቆመው በመነጽር የዓሣ ዜግነት ሲመረምሩ፣ ከጀርባዎ በጠራራ ፀሐይ ኮኮናት የጫነ ትልቅ ጀልባ አለፈ። እኔ ከጀልባ ሠሪ ቤት አልተወለድኩም፤ ኮኮናት ግን ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ያ ጀልባ ግን እንደ ደረሰች ነፍሰ ጡር ተጎትቶ፣ ጠርዙ ውኃ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከኮኮናቱ ሥር ኦፒየም እንዳለ በወደቡ ላይ ያለች ድመት ሁሉ ታውቃለች። ባሕርተኞቹ ለክቡርነትዎ እጃቸውን አውለበለቡ። እርስዎም፣ መቼም ጨዋነት አብሮዎት የተፈጠረ ነው፣ እጅዎን መልሰው አውለበለቡላቸው። ጅቡን አሳልፎ በዶሮ ላይ የሚዝት ዘበኛ ብዙ አይቻለሁ፤ ለጅቡ ሰላምታ የሚሰጥ ግን የመጀመሪያዬ ነው፤ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

በመጨረሻ የምስጋናዬ ሁሉ ራስ ወደሆነው ወደ ውሳኔዎ እመጣለሁ። ደሩስ እንዲፈታ ማክ ሰኦዳህ ቤትዋን፣ አጥሯንና ዓሣዋን በሙሉ ከመስመሯ በአንድ ወገን እንድታደርግ፣ ይህንን ካላደረገች አጥሩ ከሥሩ እንዲነቀል አዘዋል። በዚህች ትእዛዝ ላይ ማክ ሰኦዳህ ብዙ አሰበች። አጥሩን ወደ ሰምቡር እንዳትስብ በዚያ በኩል ያለው ጭቃ ችካል አይዝም፤ ዓሣውም በዚያ አያልፍም። አጥሩ ከተነቀለ መንደሩ ይራባል፤ ካልታዘዘች አማቿ ይበሰብሳል። ጎረቤቶቿ ተሰብስበው "እሺ ማክ፣ ምን ይሻላል?" ሲሏት "ምን ይሻላል ትላላችሁ? መታዘዝ ነዋ!" አለቻቸው።

ታዘዙ። ደሩስ በተፈታ ማግስት፣ ቤት ሲነሣ እንደ ደንባችን ወንዶቹ ግድግዳና ጣሪያውን ፈትተው፣ ምሰሶዎቹን ነቅለው፣ የማክ ሰኦዳህን ቤት በጀልባ ጭነው ከመስመሯ ማዶ ወዳለው የእንግሊዝ ደሴት አሻገሩት። ማክ ሰኦዳህ ከሄደች ማን ይቀራል? ጎረቤቷ ቤቱን ፈታ፤ የጎረቤቷም ጎረቤት ፈታ። የጸሎት ቤቱ ከበሮ እንኳ ተሻገረ። የአጥሩ ጅራትም ወደ እንግሊዙ በኩል ዞሮ አዲስ ተተክሏል። ዛሬ ቤቱም፣ አጥሩም፣ ዓሣውም በአንድ ወገን ናቸው፤ ልክ እንዳዘዙት። ከእንግዲህ በዚያ ዳርቻ ከእርስዎ ባሕር አንዲት ፍሬ ዓሣ በስውር አትወጣም። የሚያወጣት ሰው የለማ።

ክቡርነትዎ ያቆሙልንን ድንበር ረጋ ብለው እንዲጠብቁ፣ ባዶውን ዳርቻም በሰላም እንዲገዙ፣ ሹመትዎም ከማንም ጋር ሳይጋሩት እንዲሰፋልዎ እየተመኘሁ፣

ታዛዥነትን ከማክ ሰኦዳህ የተማርኩት
ዘይኑን ቢንቲ ኢድሪስ
"ከወደቡ ማዶ" ዓምድ፣ ሲንጋፖር

ማሳሰቢያ፦ የጥበቃ ጀልባዎን የሚቀዝፉት ሰዎች የዚያ መንደር ልጆች መሆናቸውን ምናልባት አላወቁ ይሆናል። መቅዘፊያዎቹን አጥበው፣ አድርቀው፣ በረንዳዎ ላይ በሥርዓት ደርድረው ከመንደራቸው ጋር ተሻግረዋል። ድንበርዎን ለመጎብኘት ሲፈልጉ አንዱን መርጠው ያንሱ።