ወፍጮው ሳይነሳ የሚሰማ ካሴት

ሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 1989። መሐል ሜዳ

ዛሬም ወፍጮው ቀደመኝ። ክቡር ማስታወሻ ሆይ፣ ካሴቱን እስካሁን በቅጡ አልሰማሁትም። ክፍሌ ከወፍጮ ቤቱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ኦርኬስትራው በሙሉ ዱቄት ይሆናል።

የላከልኝ የሙዚቃ ት/ቤት ጓደኛዬ ነው። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ኮንቸርቶዎች፣ ለቪዮላና ለኦርኬስትራ። ቪዮላ ማለት ከቫዮሊን ወፈር ያለች፣ ድምፅዋ ጉንፋን የያዘው የሚመስል፣ ዘመድ የሌላት መሣሪያ ናት። እኔ እሷን ተምሬ ተመረቅሁ። መንግሥት በብልሃቱ መንዝ ላከኝና በከበሮ መዝሙር አስተምር አለኝ።

ከጊሼ የመጣ ወሬ፦ እማዬ አሁንም አልተሻላትም። እሷ ያለችበት ራቤል ደርሼ ልያት ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። ር/መምህሩ ግምገማው ሳያልቅ ንቅንቅ የለም አሉ። እህቴ ጽጌም ሞላሌ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ ተረኛ። እማዬ ሁለት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ለመንግሥት ሆኑ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ጠርጥሬአለሁ። ሰው ሁሉ ደግ ሆኗል።

አከራዬ እትዬ አስካለ፣ ሰላምታ እንኳ በቁጠባ የሚሰጡ ሴትዮ፣ ሽሮ ይዘው ክፍሌ ድረስ መጡ። ብላ ልጄ አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ልጄ! እስከ ትናንት «አንተ መምህር» ነበርኩ። ታደሰ፣ የፊዚክሱ መምህር፣ ሳልጠይቀው ክፍለ ጊዜዬን ሸፈነልኝ። ምን ነክቶህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ አርፈህ አትቀመጥም? አለ፣ ጫማውን እያየ።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። በግምገማው ሊበሉኝ ነው። ለበዓል የታሰበ በግ ነው እንዲህ የሚቀለበው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ግምገማ። ግለ ሂሴን ሸምድጄ ገባሁ። የባዕድ ካሴት በመስማት፣ በማርፈድ፣ በስብሰባ ላይ በማሾፍ። ር/መምህሩ ባለፈው ሳምንት ካሴቱን ገልብጠው አይተው፣ ቃል የሌለው ዘፈን ወገኑ የማን ነው? ብለውኝ ነበር። መልሱንም አዘጋጅቻለሁ።

ተራዬ ሲደርስ፣ እሱን እለፉት አሉ።

እለፉት! ማንም እጁን አላወጣም። ያ ሁሉ ኃጢአት በከንቱ ተሸመደደ። ስወጣ ጠሩኝ፤ ፈቃዱን ከእሁድ በኋላ እናየዋለን፣ አታስብ አሉኝ። እኚህ ሰውዬ ዕድሜያቸውን በሙሉ «አስብበት» ሲሉ የኖሩ ናቸው።

ታደሰን ያዝኩት። ከጊሼ የመጣ ሰው አለ? የለም አለ። ቶሎ መለሰ። በጣም ቶሎ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6። ጎህ ሲቀድ

እንቅልፍ እምቢ አለ። ወፍጮው ገና ነው። ካሴቱን ከፍቻለሁ፣ እየሰማሁ እጽፍልሃለሁ።

ኦርኬስትራው ወደ ኋላ ሸሸ። ቪዮላዋ ብቻዋን ቀረች። ትጀምራለች፣ ትተዋለች። ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ ደግሞ ትጀምራለች። ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

በር ላይ ሰው አለ። ብዙ ሰው።

ዓርብ፣ ረፋድ

ግቢው ሞልቷል። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ታደሰ ጋቢ ተከናንቦ። በሩን ስከፍት እትዬ አስካለ ደረታቸውን መቱ፦

«እኔን! እኔን ልጄ! ማነው ጨካኙ ቀድሞ የነገረህ?»

ምኑን? አልኩ።

ከኋላዬ ቪዮላዋ ቀጥላለች። ታደሰ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ። ቴፑን አየ፣ እኔን አየ።

«ቴፕ ነው እንዴ?»

እማዬ ማክሰኞ አርፋ፣ በዚያው ቀን ተቀብራለች። መልእክተኛው ረቡዕ ገባ። መርዶ በደንቡ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ጽጌን በዘዴ ከሞላሌ አስመጥተው እሁድ ለሁለታችን አንድ ላይ ሊያረዱን ተማክረዋል። እስከዚያ ሽሮ። እስከዚያ እለፉት። ዛሬ በግድግዳው በኩል ያን ድምፅ ሲሰሙ፣ አንዱ አላስችል ብሎት ነግሮኝ የማለቅሰው እኔ መሰልኳቸው። በመንዝ ምድር ቪዮላ የገባው አድማጭ ተገኘ።

ጮኽኩባቸው። አውቃችሁ ዝም! ሽሮ እያበላችሁ! እትዬ አስካለ አልተቀየሙም።

«ሁለት ቀን እናት ጨመርንልህ እንጂ ምን ቀነስንብህ፣ ልጄ?»

ገብቼ ቴፑን ዘጋሁት።

ዓርብ፣ ከሰዓት። ሞላሌ

ጽጌን እንዳመጣ የተላክሁት እኔው ነኝ። እትዬ አስካለ ቃሉን አስጠኑኝ፦ እማዬ ትንሽ ብሶባታል፣ አብረን እንሂድ በላት፤ እኛ ጋ ትደር፣ ሊነጋ ሲል እኛ እናረዳታለን። ታደሰ ለሐዘን የለበስኩትን ጥቁር አስወልቆ የራሱን ቡኒ ሹራብ አለበሰኝ። ቀልድባት፣ ካልቀለድክ ትነቃብሃለች አለ። ለቀልድ ተወክዬ ስላክ የመጀመሪያዬ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት አዘጋጀሁ። የሚያስቁ ናቸው፣ ይግረምህ።

ጤና ጣቢያው ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። በመስኮት አየችኝ። መርፌ ይዣለሁ ጠብቅ፣ ቪዮላህ ከቤት አባረረችህ እንዴ? ብላ ሳቀች።

እትዬ አስካለ እውነት አላቸው። አንድ ሌሊት እናት ልጨምርላት እችላለሁ። ግን በመንገድ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ለእማዬ ምን እንግዛላት? ትለኛለች። ብርቱካን እላለሁ? ነገ ሲነጋ ብርቱካኑን ታየዋለች። ስስቅላት እንደዋልኩ ታስታውሳለች።

የለም። እነግራታለሁ። እዚሁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሳይሰበሰብ። እትዬ አስካለ ይርገሙኝ።

ጓንቷን እያወለቀች መጣች። ምን ይዘህልኝ መጣህ? ትላለች። ማስታወሻ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልዝጋህ።